እስረኛ የት ይቆጠር? ስለ ቆጠራና ውክልና ሲነሣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቆመበት የመሐል አዲስ አበባ ቦታ ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው እስር ቤት የነበረበት ግቢ ነው። ወደዚያ ስንቅ ስታመላልስ የኖረች እናት «ልጄ የሜክሲኮ ሰፈር ነዋሪ ነው» የምትል አይመስለኝም። በአሜሪካ ግን ቆጠራው እስረኛን የታሰረበት ቦታ ነዋሪ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ የምርጫ ክልልም የሚከለለው በዚሁ ቆጠራ ስለሆነ፣ እስር ቤቱ ያለበት ቦታ ያለአግባብ ውክልና ያገኛል የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚሁ ነው።

አንደኛው ስህተት «ከተቆጠረ ተወከለ» ማለት ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የታሰረ ሰው አይመርጥም። በሜይንና በቨርሞንት ይመርጣል፤ ድምፁ የሚቆጠረው ግን በቀድሞ መኖሪያው ነው። ስለዚህ የእስረኛው ቁጥር የሚያጎላው ከአጥሩ ውጭ ያለውን መራጭ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው፣ ነገሩን በትልልቅ ምክር ቤቶች ብቻ መመዘን። በሚሊዮን ሕዝብ መካከል አንድ ሺህ እስረኛ አይታይም። በትንሽ ከተማ ግን አናሞሳን ያየ ይፍረድ! በዚህች የአዮዋ ከተማ ከአራቱ የምርጫ ክልሎች አንዱ ወደ 1,400 ሰው ነበረው፤ ከእነዚህ 1,300 ያህሉ እስረኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው በሁለት ድምፅ ብቻ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ለዚያውም ስሙን መራጮቹ በእጃቸው ጽፈውለት። ጥቂት ደርዘን ነዋሪዎች የሌሎቹን ክልሎች ያህል መቀመጫ ያዙ። የተጎዱት ሩቅ አልነበሩም፤ የዚያችው ከተማ ሰዎች ናቸው። ኋላም ከተማዋ በክልል መምረጡን ተወችው።

«እንግዲያው አይቆጠሩ» ማለትም መፍትሔ አይደለም። ሜሪላንድና ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጧቸው ሕጎች የምርጫ ክልል ሲከለል እስረኛውን ወደ ቀድሞ አድራሻው መለሱት። የሜሪላንዱን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አጽንቶታል።

በመጨረሻ፣ የአሜሪካውን ክስ እንዳለ አምጥቶ «ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለአቃቂ ቃሊቲ መቀመጫ ጨመረለት» ማለት አያስኬድም። ያለፈው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ቢልም። ያው አንቀጽ የምርጫ ቦርድ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ረቂቅ በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። ስለዚህ የቃሊቲው እስረኛ በየትኛው ወረዳ ስም ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ከቀጣዩ ቆጠራ በፊት፣ መጠይቁ ሲዘጋጅ ነው።