የሊኑክስ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ኮድ እንዴት ይጠገናል?

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ለውጡ የሚገባበትን ዛፍ፣ ማለትም የኮድ ማከማቻ፣ ለዩ። የሊኑክስ ኔትወርክ ክፍል ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ የሚያዙ ሁለት ዛፎች አሉት፦ የስህተት ማስተካከያ ወደ «ኔት»፣ አዲስ ሥራ ደግሞ ወደ «ኔት-ኔክስት» ይሄዳል። የዛፉን ስም በፓቹ (ለግምገማ በምትልኩት ለውጥ) ርዕስ ላይ ጻፉ። አዲስ የከርነል (የሊኑክስ ዋና አካል) እትም ከወጣ በኋላ ኔት-ኔክስት ለሁለት ሳምንት ያህል ስለሚዘጋ አዲስ ሥራ እስኪከፈት አቆዩ፤ ማስተካከያ ግን በዚያም ጊዜ ይላካል።

ስህተት የምታስተካክሉ ከሆነ ስህተቱን ያመጣውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ)፣ እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ለውጥ እንደመጣ በሚያሳየው ጊት ብሌም ፈልጉ። የኮሚቱን መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ርዕሱን «ፊክስስ» በሚለው መስመር ላይ አስፍሩ። ማስተካከያው ወደ የትኞቹ የቆዩ እትሞች መግባት እንዳለበት የሚታወቀው በዚህ ነው። አሮጌ ድራይቨርን ለማሳመር ብቻ መስመሮችን ማገላበጥ ግን አይመከርም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ማስተካከያ ወደ ቆዩ እትሞች መመለስን ያከብዳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመላኪያው በኩል ነው። የመላኪያ ሪንግ (ድራይቨሩና ካርዱ የሚጋሩት ክብ ሰልፍ) ቦታው ውስን ስለሆነ፣ አንድ ፓኬት አስገብታችሁ ስታበቁ ለሚቀጥለው ትልቁ ፓኬት የሚበቃ ዲስክሪፕተር (ፓኬቱ ሜሞሪ ላይ የት እንዳለ ለካርዱ የሚነግር የሪንጉ መዝገብ) ካልቀረ ፓኬት ወደ ድራይቨሩ የሚመጣበትን ወረፋ እዚያው አቁሙ። ከዚያ ሜሞሪ ባሪየር (የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት ቅደም ተከተል እንዳይዛባ የሚያደርግ ትእዛዝ) አስቀምጡና የቀረውን ቦታ እንደገና አጣሩ፤ ቦታ ከተገኘ ወረፋውን መልሳችሁ ክፈቱ። ይህ ሁለተኛ ማጣሪያ ትርፍ ይመስላል፣ አይደለም። እናንተ ቦታ መጥፋቱን አይታችሁ ወረፋውን እስክታቆሙ ድረስ፣ በሌላ ሲፒዩ ላይ የሚሠራው የተላኩ ፓኬቶች ማጽጃ ኮድ ሪንጉን ጨርሶ አጽድቶ «ወረፋው አልቆመም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ የቆመውን ወረፋ የሚቀሰቅሰው የለም፤ ካርዱ ዝም ይላል፣ ከሴኮንዶች በኋላም ሎጉ ላይ የመላኪያ ወረፋው ጊዜው አለፈ የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ከርነሉ ለዚህ የተዘጋጁ ማክሮዎች ስላሉት ራሳችሁ አትጻፉት።

የዲኤምኤ ማፒንግ (ካርዱ ሜሞሪውን በቀጥታ እንዲደርስበት አድራሻ ማዘጋጀት) ውጤት ሁልጊዜ ይመርመር። ለምሳሌ የፓኬቱ ሦስተኛ ቁራጭ ላይ ከከሸፈ የቀደሙትን የሁለቱን ማፒንግ ፍቱ፣ ፓኬቱን ጣሉ፣ ከዚያ «ኦኬ» መልሱ። ፓኬቱን ጥሎ «ቢዚ» (አሁን አልችልም፣ እንደገና ላክ) ብሎ መመለስ ከባድ ስህተት ነው፤ የኔትወርክ ስታኩ የተለቀቀውን ሜሞሪ እንደገና ሊልክ ይሞክራልና።

በመቀበያው በኩል፣ ካርዱ ዲስክሪፕተሩን መልቀቁን የሚናገረውን ቢት ካነበባችሁ በኋላ የቀረውን ከማንበባችሁ በፊት የዲኤምኤ ንባብ ባሪየር ያስፈልጋል። ኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ጉድለት አርም ፕሮሰሰር ላይ ሲፈነዳ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የናፒ (ከርነሉ ፓኬቶችን በጥቅል የሚያስተናግድበት ዘዴ) ፖል ፈንክሽን ሥራውን ጨረስኩ የሚለው ከተሰጠው በጀት (በአንድ ጥሪ የሚያስተናግደው የፓኬት ብዛት ገደብ) በታች ሲሠራ ብቻ ነው፤ በጀቱ ብዙውን ጊዜ 64 ነው። በጀቱ 0 ሆኖ ሲመጣ የመላኪያውን ብቻ ያጽዳ፣ መቀበያውን አይንካ።

ለተጠቃሚው አዲስ የቅንብር ምርጫ በሞጁል ፓራሜትር አትጨምሩ፤ ኢትቱል ወይም ዴቭሊንክ የተባሉትን የካርድ ማዋቀሪያዎች ተጠቀሙ።

ከመላካችሁ በፊት ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎችን አብርታችሁ ኮምፓይል አድርጉ፣ የኮድ መመርመሪያዎቹን ስፓርስንና ቼክፓችን አስኪዱ። የሜሞሪ ስህተት ፈላጊውን ካሳንን፣ የሎክ ስህተት ፈላጊውን ሎክዴፕንና የዲኤምኤ ዲበግን ባበራ ከርነል ላይ ትራፊክ እየፈሰሰ ካርዱን ደጋግማችሁ አጥፉና አብሩ፣ የሪንጉን መጠን ቀያይሩ፣ ሞጁሉን አውጥታችሁ መልሱ። በአንድ ተከታታይ ከ15 ፓች አትለፉ፤ አስተያየት ከመጣም የታረመውን እትም ቀዳሚው ከተላከ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ አትላኩ።