«ባንዳ» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ስንጠቀም

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ካሉ አረጋውያን የጣሊያንን ዘመን ታሪክ ሰብስቦ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው «ባንዳ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ያጋጥመዋል፤ ስለዚህ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የቃሉን ምንጭ ማወቅ አለበት። በጣሊያንኛ ጭፍራ ማለት ሲሆን፣ ጣሊያኖች በኤርትራ፣ ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ ከአገሬው ሰው መልምለው ያሰለፉት መደበኛ ያልሆነ ጦር መጠሪያ ነበር። በመደበኛ ሻለቃ የተደራጀው ደግሞ «አስካሪ» ይባል ስለነበር ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም። ለቅጥረኛው አለቃ ባንዳ የጦር ክፍል ስም ብቻ ነበር፤ የነውር ስም ያደረገው የአርበኛው ወገን ነው። («ባንዲራ» የምንለውም ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑ ሳይገርም አይቀርም።)

ቃሉን በሰው ላይ ከማሳረፍ በፊት ሰውየው ለየትኛው ወራሪ እንዳደረ፣ መቼና ምን እንደሠራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «በ1930 ዓ.ም. ከጣሊያን ጠመንጃና ደመወዝ ተቀብሎ አርበኞችን ይወጋ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ከቀደመ፣ «ባንዳ» ማለት ታሪክ ይሆናል፤ ያለዚያ ስድብ ነው። ከጦር ሜዳ የጠፋ ወታደር «ከዳ» ይባላል፣ ምስጢር የሚያቀብል ሰላይ ነው፣ ለመጣ ገዢ ሁሉ የሚያጎበድድም አድርባይ እንጂ ባንዳ አይደለም። ስለ ክስና ፍርድ የሚጽፍ ደግሞ «የአገር ክህደት» የሚለውን ይምረጥ።

አስቸጋሪው የውስጥ አርበኛው ጉዳይ ነው። ጣሊያን በሰፈረባቸው ከተሞች ለገዢው እየገበረና እየሠራ፣ በስውር ግን ለአርበኞች ጥይትና ወሬ የሚያቀብል ሰው ነበር፤ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርበኞች የገባ ባንዳም አልታጣም። ተራኪው «ባንዳ ነበረ፣ ኋላ ሸፈተ» ካሉ፣ ጸሐፊው አንዱን መርጦ ሌላውን ሳያስቀር ሁለቱንም ይጻፍ።

«የባንዳ ልጅ» የሚለው አነጋገር፣ የሰው ንግግር ሆኖ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በእኔ እምነት ቦታ ሊሰጠው አይገባም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘምተዋል፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ለጣሊያን አደሩ፤ ከዚያው ቤት የወጡት ኃይሉ በለው ደግሞ በጎጃም ከታወቁት የአርበኞች መሪዎች አንዱ ነበሩ። ክህደቱም አርበኝነቱም በዘር አልተላለፈም።

በዛሬው የፖለቲካ ክርክር ተቀናቃኝን ባንዳ ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ ዘጋቢ ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ ተናጋሪውን መጥቀስ እንጂ የራሱ አድርጎ መያዝ የለበትም። በብዙ ቁጥር «ባንዶች» ከሙዚቃ ጓድ ጋር ስለሚምታታ «ባንዳዎች» ይሻላል፤ ግብሩ ሲገለጽም «ባንዳነት» ይባላል።