ታይፑ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ሰበቡ፣ መላው

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አጠገብ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ይጽፍባት የነበረችው ኦሊቬቲ ታይፕ አሁን እኔ ጋ ናት። ብዙ ጊዜ ነገረኛ ሆናብኛለች፤ የተሰበረ ነገር ያገኘሁባት ግን ከስንት አንዴ ነው። ቆሻሻ ነው የሚበዛው።

ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይወጣም

መጀመሪያ የሪባኑን፣ ማለትም ቀለም የጠጣውን ጥብጣብ፣ ቀለም መምረጫ እዩ። ነጩ ላይ ከሆነች ሪባኑ አይነሳም፤ ለስቴንስል፣ ማለትም ለማባዣ ለሚመታው ሰም የተቀባ ወረቀት፣ የተሠራች ቦታ ናት። እኔ ይቺን ያየኋት ግማሽ ቀን ስፈታ ስገጥም ውዬ ነው።

እሷ ደህና ከሆነች ሪባኑ ደርቋል። ጨርቁ ካልተበሳ አትጣሉት። ለጎማ ማኅተም የሚሸጠው ቀለም ይበቃዋል፤ ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ግን አይሆንም። ጋዜጣ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ። ከአንዱ መጠቅለያ ወደ ሌላው እያዞራችሁ በየአራት ጣቱ አንድ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። እንዳይርስ! በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ቀለሙ ሌሊቱን ራሱ ይዳረሳል። ጠዋት ካዝረከረከ በማይፈለግ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ምቱበት። ላስቲክ የሚመስለው የካርቦን ሪባን ግን አንዴ ከተመታ አለቀ። አዲስ ከገዛችሁ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር ይሁን።

ጎጃም ነንና የብራና ቀለም የሚመክር አይጠፋም። እኔም ሞክሬዋለሁ። ለመቃ ብዕር ግሩም ነው። ጥላሸቱ ግን ሪባን ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ረገፈ፣ የረገፈውም ፊደሎቹ ውስጥ ገባ።

የ«መ» እና የ«ዐ» ዓይን ይደፈናል

ሪባኑን አትውቀሱ። የፊደሉ ብረት ላይ ቀለምና የጨርቅ ብናኝ ተጋግሯል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ወደ ራሳችሁ ፈግፍጉት፤ የቀረውን በስቴኪኒ። መርፌ ይጭረዋል።

ቁልፉ ተመቶ አይመለስም

እዚህ ላይ የሁሉም እጅ ወደ ዘይት ይሮጣል። ለሁለት ቀን ይሻለዋል። ከዚያ የአውድማው አቧራ ሲለጥፍበት ጭቃ ነው። ፊደል የተሸከሙት ክንዶች የሚገቡበትን ቀጫጭን ስንጥቅ በአልኮል እያረሳችሁ፣ ክንዱን እያነሳችሁ እየመለሳችሁ፣ እስኪላላ ድገሙት። አልኮሉ የማሽኑን ቅብ እንዳይነካ።

ወረቀት ተሸካሚው አይሄድም

መቆለፊያው ካልተዘጋ የሚጎትተው ገመድ ተበጥሷል። ባሕር ዳር ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጠው የተጎነጎነ ክር ይተካዋል። ስታስሩ ስፕሪንግ ያለበትን ከበሮ አጥብቃችሁ ያዙ። የአጎቴ አውራ ጣት ላይ የነበረው ጠባሳ የዚያ ስፕሪንግ ነው።