«አሳዛኝ» ላይ ከማጥቆራችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሰዋስው ብዙም አያስጨንቀኝም፣ ይወጡታል። የሚያንገበግበኝ ምንባብ ነው። በተለይ ሦስቱ ጥያቄዎች፦ የጸሐፊው ቃና ምንድን ነው፣ የምንባቡ ድባብ ምን ይመስላል፣ ጸሐፊው ለምን ጻፈው። ቶን፣ ሙድ፣ ፐርፐዝ የምትሏቸው ማለቴ ነው። በየዓመቱ ልጆቹ ይቀየራሉ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ትልቁ ስህተት ርእሱን አይቶ ቃናውን መፍረድ ነው። ስለ ጎርፍ ከሆነ «አሳዛኝ»፣ ስለ ሰርግ ከሆነ «ደስተኛ»፣ ስለ ጦርነት ከሆነ «ቁጡ»። አሁን ይሄ ማንበብ ነው? ለመልመጃ ብዬ የጻፍኳትን እዩ፦ «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞላው። ውሃው 3 ቤቶችና አንድ ጎተራ ወሰደ። ነዋሪዎቹ ለጊዜው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል።» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሳዛኝ!» አለኝ። እሺ፣ የትኛው ቃል ነው ያዘነው? ስላቸው ጸጥ። አንዷ ብቻ «ቲቸር፣ ቤታቸው እኮ ነው የሄደባቸው!» አለች። ልክ ናት፣ ያሳዝናል። ያዘነችው ግን እሷ ናት እንጂ ጸሐፊው አይደለም። እሱ ሰዓቱን ጻፈ፣ ቤቱን ቆጠረ፣ አለቀ። «ምስኪኖቹ» አላለም፣ «ወየው» አላለም። ቃናው ገለልተኛ ነው፣ እንደ ሬዲዮ ዜና።

ይኸው ጸሐፊ «ውሃው እያገሳ መጣ፤ በጨለማው ውስጥ አንዲት እናት የልጇን ስም ትጣራለች፣ የሚመልስላት የለም» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ጎርፉ ያው ጎርፍ ነው፣ ድባቡ ግን ፍርሃት ሆነ። ቃና ጸሐፊው ለጉዳዩ ያለው አመለካከት ነው፣ ድባብ ደግሞ ምንባቡ እናንተ ላይ የሚያሳድረው ስሜት። ሁለቱ የግድ አይገጥሙም። ጸሐፊው እየቀለደ እናንተን ሊያስፈራችሁ ይችላል። ስለዚህ እርሳስ ያዙና ስሜት ያለባቸውን ቃላት አስምሩባቸው። ምንም የሚሰመርበት ካጣችሁ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ሽሙጥ ሲያመልጣችሁ ደግሞ በጣም ነው የምናደደው። እነ ዋሸራና እነ ጎንጅ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር አድጋችሁ፣ ሰምና ወርቅ እየሰማችሁ፣ ጎረቤት ፀሐይ ሲሞቅ የዋለን ሰው «እንዴት ያለ ታታሪ ነው!» ሲል ወዲያው የምትስቁ ልጆች፣ ወረቀት ላይ ሲመጣ ምን ይነካችኋል? «ድልድዩ በተመረቀ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ኮሚቴው ግን ስለ ሪባኑ ምርጫ ሊመሰገን ይገባዋል።» ግማሹ ክፍል «አድናቂ» ብሎ አጠቆረ። ለምን? «ሊመሰገን» ይላላ! ወገኖቼ፣ ሰውዬው ኮሚቴው ላይ ሙድ እየያዘ ነው። ምስጋናው ከሆነው ነገር ጋር ካልተጣጣመ ጠርጥሩ። ካልገባችሁ በልባችሁ ሳይሆን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፣ ወዲያው ይሰማችኋል። ፈተና ላይ ድምፅ አይወጣም፣ ስለዚህ ቤት ለምዱት።

ዓላማ ሲጠየቅ «መረጃ ለመስጠት» የሚለው እንደ ጸበል ለሁሉ የሚረጭ መልስ ሆኗል። ቁጥር ካለው መረጃ ነው ትላላችሁ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ከሰል ያደርገዋል። አንድ ጸሐፊ አተካከሉን፣ አቆራረጡን፣ አከሳሰሉን ተርኮ ቢያቆም መረጃ ሰጠ። ሌላው ያንኑ ሁሉ ከነቁጥሩ ደርድሮ «ታዲያ የጤፍ መሬታችንን ሁሉ ለከሰል ሰጥተን ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ቢጨርስስ? ይሄኛው ሊያሳምናችሁ ነው የመጣው፣ ቁጥሩ መሣሪያው ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሳታዩ ዓላማ አትምረጡ።

«ይሁን እንጂ» የሚለውን የሚዘል ልጅም አለ። መጀመሪያው አንቀጽ ሙገሳ ስለሆነ ብቻ መልሱን መርጦ ያርፋል።

ገጸ ባሕሪው ተቆጣ ማለት ጸሐፊው ተቆጣ ማለት አይደለም። ይሄን ስንቴ እንዳልኩ!

ከምርጫዎቹ ውስጥ በጣም የጋለውን መውደድም አለ። ጸሐፊው ትንሽ ቅር ካለው «በንዴት የጦፈ» አይባልም። የጦፈ ካላችሁ የጦፈ ቃል አሳዩኝ።

አንዳንዱ ግን ያሳዝነኛል። ቃናውን በአማርኛ ቁልጭ አድርጎ ይነግረኛል፣ እንግሊዝኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። «ገለልተኛ ነው ቲቸር» ያለኝ ልጅ «ኦብጀክቲቭ» የሚለውን ጥሎ ሌላ ያጠቁራል፣ ምክንያቱም «ኦብጀክቲቭ»ን የሚያውቀው ዓላማ ማለት እንደሆነ ብቻ ነው። ይሄ የማንበብ ችግር አይደለም፣ የቃላት ነው። ሳርካስቲክ (ሽሙጠኛ)፣ ኖስታልጂክ (ያለፈውን ናፋቂ)፣ ክሪቲካል (ተቺ)፣ ኦፕቲሚስቲክ (ተስፈኛ)፣ ኢንዲፈረንት (ግድ የለሽ)፤ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ደብተር ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ትርጉም ብቻ አትጻፉ፣ እንደዚያ የምትናገር አንዲት የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ለሳርካስቲክ የድልድዩን ኮሚቴ መውሰድ ትችላላችሁ።