ፋሲል ግቢ ለምታስጎበኙ፦ «ኢፍ» ያለበት ቦታ «ዊል» አታስገቡ

ጎንደር ላይ ቱሪስት የምታስጎበኙ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። በእንግሊዝኛ «ኢፍ» ካላችሁ፣ እዚያው የዓረፍተ ነገሩ ክፍል ውስጥ «ዊል» አትጨምሩ። «ዊል» የሚገባው ውጤቱ ላይ ነው፦ «ኢፍ ዩ ከም ኢን ጃንዋሪ፣ ዩ ዊል ሲ ጥምቀት።» ብዙ ሰው «ኢፍ ዩ ዊል ከም» ይላል። ነገሩ ገና ስለሆነ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ይበልጥ የሚያደናግረው ቀጣዩ ነው። «መኪና ቢኖረኝ ደባርቅ እወስድህ ነበር» ስትሉ፦ «ኢፍ አይ ሃድ ኤ ካር፣ አይ ዉድ ቴክ ዩ ቱ ደባርቅ።» «ሃድ» ስላለ ስለ ትናንት እያወራችሁ አይደለም። አሁን መኪና የለኝም ማለታችሁ ነው። እኛስ ስለ ዛሬ እያወራን «እወስድህ ነበር» እንል የለ? ስለዚህ አትፍሩት፣ ያው የለመድነው ነገር ነው።

እንግዳው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከመጣስ? «ባለፈው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ ታየው ነበር» ልትሉት ነው፦ «ኢፍ ዩ ሃድ ከም ላስት ዊክ፣ ዩ ዉድ ሃቭ ሲን ኢት።» ያለፈና የማይመለስ ነገር ከሆነ «ሃድ» እና «ዉድ ሃቭ» አብረው ይምጡ። ፈጠን ተብሎ ሲነገር «ዉዳቭ» ተብሎ ነው የሚሰማው፤ ጆሯችሁን ለሱም አስለምዱት።