ሃምስተር ቤታችሁ ሲገባ የሚሠሩ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ትንንሽ እንስሳት በሚታከሙበት ክሊኒክ ነው የምሠራው። ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ወንዙን ተሻግረው ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡት የሐበሻ ቤተሰቦች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ልጅ ውሻ ይጠይቃል። አፓርታማው ውሻ አይፈቅድም። እናት "አይጥ ቤቴ አይገባም" ትላለች። ልጅ ያለቅሳል፣ አባት ይሸነፋል፣ ሃምስተር (ኬጅ ውስጥ የሚኖር ትንሽ የአይጥ ዘመድ) ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ እኛ ጋ ይመጣሉ።

እነዚህን ቤተሰቦች እወዳቸዋለሁ። አንዳቸውም በጭካኔ እንስሳ ሲጎዱ አላየሁም። የሚጎዱት በደግነት ነው። ለእንግዳ የምናደርገውን ሁሉ ለሃምስተሩ እናደርግለታለን። እንከበዋለን፣ እናጫውተዋለን፣ ካላጎረስነው እንላለን፣ ብቻውን እንዳይሆን እንጨነቃለን። እሱ ግን አብዛኛውን አይፈልገውም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከመደብር በመጣበት ሰዓት ነው። የአክስት ልጆች ይጠራሉ፣ ስልክ ይወጣል፣ ሃምስተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዱር ከላይ የሚመጣበት ነገር ሁሉ ሊበላው የሚመጣ ነው። ከላይ የምትወርድ የልጅ እጅም ለእሱ ከጉጉት ጥፍር አትለይም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት አትንኩት። ውኃና ምግብ አድርጉለት፣ ቀስ ብላችሁ አናግሩት፣ ተዉት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መዳፋችሁ ላይ አንድ ፍሬ አድርጋችሁ ኬጁ ውስጥ እጃችሁን አሳርፉ። ራሱ ይመጣል። እጅ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ ለማላመድ በጣም ጥሩው ቦታ ደረቅ የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ፎጣ አንጥፉ፣ ልጁን ከነካልሲው ውስጡ አስቀምጡት። ሃምስተሩ ማምለጥ አይችልም፣ ከከፍታም አይወድቅም። ልጁ እግር ላይ ወጥቶ ይወርዳል፣ እጅጌ ውስጥ ይገባል። ከመያዝ ይልቅ እንዲህ ነው የሚላመደው።

ቀን ቀን ደግሞ አትቀስቅሱት። የሌሊት እንስሳ ነው። "ተናካሽ ነው፣ መልሱት" ብለው ካመጡልን ውስጥ ብዙዎቹ የነከሱት ረፋድ ላይ ከእንቅልፋቸው ተጎትተው ነው።

ጭንቀት ቀልድ አይደለም። ዌት ቴይል የሚባል የአንጀት በሽታ አለ፤ በተለይ ገና ከእናታቸው የተለዩትን ግልገሎች ቦታ ሲቀየርባቸው ይመታቸዋል። ጭራው አካባቢ እርጥብና ቆሻሻ ሆኖ ካያችሁት፣ ከሸተተ፣ ተኮራምቶ ከተቀመጠና ምግብ ከተወ ነገ እናየዋለን አይባልም። በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። እባካችሁ ሁለት ሃምስተር አንድ ኬጅ ውስጥ አታስቀምጡ!

"ብቻውን ሆድ ይብሰዋል።" "ጓደኛ ይፈልጋል።" "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ?" ይህን ሁሉ የምርመራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሰምቻለሁ። ለእኛ እውነት ነው። በስደት አገር ብቸኝነት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ እውነት ነው። ለሃምስተር ግን አይሠራም። በየመደብሩ የምታዩት ትልቁ ወርቃማው፣ የሶሪያ ሃምስተር የሚባለው፣ ካደገ በኋላ የራሱን ወገን አይታገስም። ወንድማማችም ቢሆኑ፣ እህትማማችም ቢሆኑ፣ ትናንት ተቃቅፈው ቢተኙም። ትናንት ተቃቅፈው መተኛታቸው ነው ሰውን የሚያታልለው።

ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘራቸው የሚመዘዘው በፈረንጆቹ 1930 ሶሪያ ውስጥ፣ አሌፖ አጠገብ፣ ከአንድ ጉድጓድ ከተቆፈሩ አንዲት እናትና ግልገሎቿ ነው። ያስቆፈራቸው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ ነበር። እናትየዋ ገና እዚያው ሳሉ ከግልገሎቿ አንዱን ገደለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች እዚያው አካባቢ ተመልሰው ጉድጓዶቹን ሲያጠኑ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያገኙት አንድ አዋቂ ሃምስተር ብቻ ነው። የኖሩት እንዲህ ነው። ብቻውን መኖር ለእሱ ሰላሙ ነው።

አንድ አባት በጫማ ካርቶን ሁለት ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ብቻውን ሲሽከረከር ሲያየው አንጀቱ አልችል ብሎ ነው ሁለተኛውን የጨመረው። ሁለቱም ሴት ናቸው ተብሎ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ተስማሙ። አንድ ጠዋት ልጅቷ ምግብ ልትሰጥ ስትከፍት አንደኛዋ ጥግ ላይ ወድቃለች። ጆሮዋ ተቀዶ ነበር፤ ሆዷ ላይ ጸጉሩ በደም ተጣብቆ፣ ስናጸዳው ከሥሩ በርካታ ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳዎች ወጡ። በሕይወት አልተረፈችም። ልጅቷ "እኔ ነኝ ጓደኛ አምጡላት ያልኩት" እያለች ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሸክም መሸከም የለባትም። ስለዚህ ነው የምቆጣው።

ጾታቸውን ተሳስቶ የሸጠላችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሶሪያ ሃምስተር እርግዝና 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ወር ሳይሞላ ኬጁ በግልገል ይሞላል፤ እናትየዋ ከተረበሸች ግልገሎቿን ልትበላ ትችላለች፣ ያንን የሚያየው ልጃችሁ ነው። ድንክ ከሚባሉት ትንንሽ የሃምስተር ዝርያዎች አንዳንዶቹ ጥንድ ሆነው ሊኖሩ እንደሚችሉ ይነገራል፤ እነሱም ግን ይጣላሉ። ለጀማሪ ምክሬ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ልጅ ካላችሁና ሁለት ሃምስተር ግዴታ ከሆነ ሁለት ኬጅ ግዙ።

ኬጁን የት እንደምታስቀምጡ አስቡ። ብዙ ጊዜ ሳሎን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ጎን። የእኛ ሳሎን ደግሞ ቡና የሚፈላበት ነው። ቡናው ይቆላል፣ ጭሱ ለማሽተት ይዞራል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የሃምስተር ሳንባ በጣም ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለው ጭስ ይጎዳዋል። እያስነጠሰ፣ ሲተነፍስ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማ የመጣ ሃምስተር ሳይ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው "ዕጣን የሚጨሰው የት ነው?" ብዬ ነው። ቡናችሁን አትተዉ። ኬጁን መኝታ ቤት አስገቡ፣ በሩን ዝጉ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮትና የማሞቂያው አፍም ቦታው አይደለም።

ባለብዙ ቀለም ፎቅና ቱቦ ያለው ትንሹ የፕላስቲክ ኬጅ የሚሸጠው ለልጅ ዓይን ነው። ጀርመን አገር የእንስሳት ደኅንነት ላይ የሚሠራው የሐኪሞች ማኅበር ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ወለል ይመክራል፤ እኔም ከዚያ አንሱ አልልም። ያገለገለ ትልቅ የዓሣ መስታወት ርካሽ ነው፣ ክዳኑን ወንፊት ካደረጋችሁለት በቂ ነው። ከወረቀት የተሠራ ንጣፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉበት፣ መቆፈር አለበት። ሽታ ያለው ሰጋቱራ፣ በተለይ ሴዳር ከሚባለው ዛፍ የተሠራ፣ አይሁን። የሚሮጥበት ጎማ ወለሉ ድፍን ይሁን፣ እግሩ የሚሾልክበት ሽቦ አይሁን። ለሶሪያው ክቡ ከዳር እስከ ዳር 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ሲሮጥ ጀርባው ከጎበጠ ጎማው አንሶታል።

በውኃ አትጠቡት። በፍጹም። ብርድ ይገድለዋል። ንጹሕ ደረቅ አሸዋ በሳህን ስጡት፣ ራሱን ያጸዳል፤ ቺንቺላ ለሚባለው እንስሳ መታጠቢያ የሚሸጠው ዱቄት ግን ይቅር።

ለጎጆው ተብሎ የሚሸጠውን ጥጥ መሰል ነገርም አትግዙ፤ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ከተዋጠም አንጀት ይዘጋል። ነጭ ሶፍት ቅደዱለት።

ምግብ ላይ አያቶች ናቸው የሚያስቸግሩኝ፣ በፍቅር እላለሁ። እማማ ከበሉት ላይ ካላጎረሱት አይሆንላቸውም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይመርዙታል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። በርበሬ፣ ጨው፣ ቸኮሌት፣ ብርቱካንም አይሆኑም። የሱፍ ፍሬ ይወዳል፣ ግን ያወፍረዋል። ስጦታ መስጠት ካማራችሁ ትንሽ ቁራጭ ዱባ ወይም ኪያር ይበቃዋል። ጥሬ ስንዴና ገብስ ጥሩ ነው። ጉንጩ ውስጥ አጭቆ ወስዶ የሚደብቀውን ምግብ ባጸዳችሁ ቁጥር ጠራርጋችሁ አትጣሉ፤ የረጠበውን ብቻ አውጡ። ያ ጎተራው ነው፣ ባዶ ሲያገኘው ይረበሻል።

ክረምት ላይ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ሰው ለገና ዘመድ ጋ ሲሄድ ማሞቂያ ይቀንሳል። ሲመለስ ሃምስተሩ ተጠቅልሎ ቀዝቅዞ ያገኘዋል፣ "ሞተ" ይባላል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ጉድጓድ ይማሳል። ላይሞት ይችላል! ብርድ ሲበረታ፣ በተለይ ምግብም ካነሰው፣ ሰውነቱ ሥራውን ወደ ማቆም ይጠጋል። ልቡ እንኳ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። አንዲት እናት በናፕኪን ጠቅልላ "ለልጁ ስትሉ መሞቱን አረጋግጡልኝ" ብላ አምጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አድርገን ጺሙን ትክ ብለን አየነው። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ጺም ተንቀጠቀጠች። ደረቱ አንዴ ተነፋ፣ ቆመ። መዳፍ ውስጥ ቀስ እያልን ስናሞቀው ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ስለዚህ ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ለመቅበር አትቸኩሉ። ክፍሉን አሙቁ፣ በእጃችሁ ያዙት፣ ለሰዓታት ጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ደውሉ። ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡት፣ በሙቅ ውኃም አይሁን። ስትሄዱም ሙቀቱን ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አታድርጉት፣ በየቀኑ ገብቶ የሚያይ ጎረቤትም ይኑር።

የመጨረሻው መድኃኒት ነው። በብዙዎቻችን ቤት ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። ሃምስተሩ ሲያስነጥስ ወይም ቁስል ሲያወጣ ካፕሱሉን ከፍቶ ጥቂት ውኃ ውስጥ በጥብጦ የሚሰጥ አለ። "ለሰው ልጅ የሚሆን ለእሱ እንዴት ይጎዳዋል?" ይላሉ። ይገድለዋል። አሞክሳሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘመዶች ሃምስተሩ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሳሉ፤ ያን ጊዜ መርዝ የሚያመነጩት ይፈላሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቅማጥ ያልቃል። ለቆዳ የሚቀባውም አንቲባዮቲክ ይልሰዋልና እንደ መዋጥ ነው። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት መርጦ፣ በግራም መዝኖት ነው የሚሰጠው።

ሐኪሙንም አስቀድማችሁ ፈልጉ። ብዙ ክሊኒክ ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያየው። ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና "ሃምስተር ታያላችሁ? ምርመራው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የእንስሳው ዋጋ ትንሽ ነው፣ የምርመራው ግን ከእሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሌሊትና እሑድ የሚቀበል ድንገተኛ ክሊኒክ የት እንዳለም በዚያው ጠይቁ፣ ዌት ቴይል ሰኞ ጠዋትን አይጠብቅም።