«ክሊን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ዘመዶቹን በየቦታቸው ለመጠቀም

እንግሊዝኛ መማር ስንጀምር ቶሎ ከምንይዛቸው ቃላት አንዱ «ክሊን» ነው። ንጹህ ማለት ነው፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቤቱም ክሊን፣ የእጅ ጽሑፉም ክሊን፣ ወርቁም ክሊን፣ ሕሊናውም ክሊን ይሆንብናል። ሰው ይረዳናል፤ አነጋገራችን ግን ይጎረብጣል። ተመሳሳይ ቃላት ስንፈልግ ደግሞ አሥርና አሥራ አምስት ቃል ተደርድሮ እናገኛለን። ያንን መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከመናገራችን በፊት ራሳችንን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ እዚህ ጋ የሌለው ነገር ምንድን ነው? እነዚህ ቃላት የሚለያዩት «የለም» በሚሉት ነገር ነውና።

ቆሻሻ ከሌለ ክሊን ነው። አቧራ፣ ጭቃ፣ ቅባት የሌለበት ሸሚዝ፣ ሳህን፣ ወለል ሁሉ እዚህ ይገባል። የሌለው ዝርክርክነት ከሆነ ግን ቃሉ «ታይዲ» ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ከሁሉም ይቀድማል፤ ምክንያቱም አንዱ ያለ ሌላው ይኖራል። ወለሉ ተወልውሎ የሚያበራ፣ ልብሱና መጽሐፉ ግን በየቦታው የተበተነበት ክፍል ክሊን ነው፣ ታይዲ አይደለም። ሁሉም ዕቃ በቦታው ሆኖ አቧራ የለበሰ ክፍል ደግሞ ታይዲ ነው፣ ክሊን አይደለም። ስለዚህ «ታይዲ ዩር ሩም» ስትባሉ መጀመሪያ የሚጠበቅባችሁ ዕቃ ማንሳት ነው እንጂ ውሃና ሳሙና ይዞ መምጣት አይደለም።

«ኒት» ለታይዲ በጣም ይቀርባል፣ ግን ጥንቃቄንና ልክነትን ይጨምራል። ተለቅሞ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ በልኩ የታጠፈ ልብስ፣ የተበጠረ ፀጉር ኒት ነው። «ስፖትለስ» እና «ኢማኪዩሌት» ደግሞ አንዲት ነጥብ እድፍ እንኳ የለም ሲባል የሚመጡ ናቸው። እነዚህ በራሳቸው ጠንካራ ስለሆኑ «ቬሪ» አይጨመርባቸውም። ማጉላት ካስፈለገ «አብሶሉትሊ ስፖትለስ» በሉ።

የሌለው ነገር በሽታ የሚያመጣ ሲሆን ወደ «ሀይጂኒክ» እንሄዳለን። ምግብ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ለዓይን ክሊን መስሎ ሀይጂኒክ ላይሆን ይችላል። (ቃሉ የመጣው «ጤናማ» ከሚል የጥንት ግሪክኛ ቃል ነው፤ ከውበት ይልቅ ከጤና ጋር የተቆራኘው ለዚህ ነው።) ከዚያ ከፍ ሲል «ስቴራይል» አለ፦ ሕይወት ያለው ጀርም አንድም የለም ማለት ነው። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ መርፌ፣ የቁስል ፋሻ ስቴራይል ይባላሉ። ሳሎናችሁን ስቴራይል ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑ፤ ሙቀትና ለዛ የሌለው ቤት ማለት ይሆናል። ለሰው ሲነገር ደግሞ መካን ማለት ነው፣ ስለዚህ በጣም ተጠንቀቁ።

«ፒዩር» ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ነው። ፒዩር ወርቅ፣ ፒዩር ማር፣ ፒዩር ጥጥ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አማርኛው «ንጹህ» በጣም ሰፊ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ያንኑ ስፋት ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ንጹህ ሸሚዝ ክሊን ነው። ንጹህ ወርቅ ፒዩር ነው። ክፍሉ ታፍኖ «ወጣ ብዬ ንጹህ አየር ልቀበል» ስትሉ «ፍሬሽ ኤር» ነው፤ «ክሊን ኤር» የሚባለው ስለ ጭስና ስለ ብክለት ሲወራ ነው። ንጹህ ሕሊና «ክሊር ኮንሸንስ» ነው፣ በ«ር» የሚያልቀው ክሊር እንጂ በ«ን» የሚያልቀው አይደለም። ፍርድ ቤት ንጹህ ነው ያለው ሰው ደግሞ «ኢኖሰንት» ነው። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እነዚህን አምስቱን ለይቶ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

ግሶቹም እንዲሁ ናቸው። «ጠረገ» በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጥረጊያ ከሆነ «ስዊፕ» ነው፣ በጨርቅ ወይም በሶፍት ከሆነ «ዋይፕ» ነው። ወለል ስዊፕ ይደረጋል፣ ጠረጴዛ፣ መነጽርና አፍንጫ ዋይፕ። ወለልን በእርጥብ መወልወል «ሞፕ» ነው፣ ጫማ እስኪያበራ መወልወል ግን «ፖሊሽ»። በሳሙናና በውሃ ማጠብ «ዎሽ»፣ ሳሙናውን በውሃ ማለቅለቅ «ሪንስ»፣ ጠንክሮ ፈትጎ ማጽዳት «ስክራብ»። ክሊን ሁሉንም በአንድነት ይጠቀልላል፣ እንዴት እንዳጸዳችሁ ግን አይናገርም። እጅንና ልብስን በተለመደው አነጋገር ዎሽ እንጂ ክሊን አንልም። ጥርስን ግን በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ክሊን»ም «ብራሽ»ም ይሉታል፣ አሜሪካኖቹ «ብራሽ» ማለቱን ይመርጣሉ።

ከቆሻሻ ጋር ምንም የማይገናኙ አጠቃቀሞችም አሉ፣ እኔ በጣም የምወዳቸውም እነዚህ ናቸው። እግር ኳስ የምትከታተሉ «ክሊን ሺት»ን ታውቁታላችሁ፤ ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣ ነው። «ክሊን ሬከርድ» ወንጀል ያልተመዘገበበት ሰው ነው። «ክሊን ጆክ» ልጆች ፊት የሚነገር፣ ብልግና የሌለበት ቀልድ ነው። «ክሊን ኢነርጂ» ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘውን ዓይነት ኃይል ይመለከታል። እዚህም ጥያቄው ይሠራል፦ ግብ የለም፣ ወንጀል የለም፣ ብልግና የለም፣ ብክለት የለም። ስለ ሰው «ሂ ኢዝ ክሊን» ከተባለ ግን ዐውዱን ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ አደንዛዥ ዕፅ ትቷል ወይም አይጠቀምም ማለት ነው፤ በፖሊስ ፍተሻ ጊዜ ደግሞ የጦር መሣሪያም ሆነ የተከለከለ ነገር አልያዘም ማለት ይሆናል።

«ካም ክሊን» የደበቁትን አውጥቶ እውነቱን መናገር ነው። «ክሊን አፕ» የተዝረከረከን ወይም የፈሰሰን ማጽዳት ሲሆን፣ «ክሊን አውት» ቁም ሣጥንን ወይም ፍሪጅን ባዶ አድርጎ ማጽዳት ነው። ሌባ ቤቱን ጠራርጎ ወሰደው ለማለትም ይኸው «ክሊን አውት» ያገለግላል፤ በዚህ አማርኛውና እንግሊዝኛው ተገናኝተዋል። «አይ ክሊን ፎርጎት» የሚል ከሰማችሁ ደግሞ ጽዳት ውስጥ የለም፣ ጭራሽ ረሳሁት ነው።

በመጨረሻ ስለ አነባበብ። ክሊን ረጅም «ሊ» አለው፣ «ክሊነር»ም እንደዚያው። ስሙ ግን፣ ማለትም ንጽሕና የሚለው፣ «ክሌንሊነስ» ተብሎ ነው የሚነበበው፤ ብዙ ጎበዝ ተናጋሪዎች ጭምር «ክሊንሊነስ» ይሉታል። «ክሌንዝ» የሚለው ግስም በ«ሌ» ነው፣ ከእሱም «ክሌንዘር» ይወጣል። ክሌንዘር ብዙ ጊዜ ለፊት የሚሆን ማጽጃ ነው፤ ክሊነር ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ ወይም የወለልና የመስኮት ማጽጃ ኬሚካል። ፊታችሁን የምትታጠቡበት ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቃል አስተካክላችሁ አንብቡ።